ለግንባርዎ ሲባል ከፍ ስላለው የጭስ መሳቢያ

ለተከበሩ የምግብ ቤቶች ተቆጣጣሪ፣

ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ግንባርዎስ? በወጥ ቤታችን የጭስ መሳቢያ ጠርዝ የተመታው ቦታ ጠባሳ ሳይተው እንዲሽር የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ፣ ከወላጆቼ ርቄ ድስት በማጠብ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ለእርስዎ መጻፌ ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፈውም የቢሮዎ ዘበኛ የዘይት ሽታዬን ጠልተው ከበር ስለመለሱኝ ነው። ሆኖም ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እንዳልባል ፈራሁ።

አንደኛ፣ ግንባርዎ በተመታ ዕለት መሳቢያው ለሰው ደኅንነት ያሰጋልና ከፍ ይበል ብለው ስላዘዙልን አመሰግናለሁ። አሠሪያችን በማግሥቱ በያጅ አስመጥተው ከጣሪያው ሥር አሰቀሉት። አሁን ረጅም ሰው እንኳ ኮፍያውን ሳያወልቅ ያልፋል። ጭሱ ግን መንገዱ ይርቀውና ታክቶት ወደ እኛ ይመለሳል። ጭስ መውጫ አያጣም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ እውነትም አላጣም፣ አፍንጫችንን አገኘ።

ሁለተኛ፣ ዳግመኛ ሲመጡ ቀኑን አስቀድመው ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። አሠሪያችን ምድጃዎቹን ሁሉ አስጠፍተው፣ የመሳቢያውን ማራገቢያ ብቻ አስነስተው ጠበቁዎት። እርስዎም መሰላል ላይ ወጥተው ወረቀት ቢያስጠጉ ልጥፍ አለልዎ፤ በሚገባ ይስባል ብለው ወረዱ። ሐሰት አላሉም፤ ወረቀት ይስባል። ችግሩ እኛ ወረቀት አንጠብስም።

ሦስተኛው ስለ እትዬ ነው፤ እሱን ለመጻፍ ብዕሬ ይከብደኛል። እትዬ የምንላቸው ዘይት ላይ ቆመው የሚጠብሱት ሴት፣ ማንንም ሳላውቅ ስመጣ ከሰሐናቸው ያካፈሉኝ ናቸው። መሳቢያው ከተሰቀለ ወዲህ ሳል ያዛቸው። እውነተኛው መሳቢያ የእኔ ደረት ነው፣ ያኛው ጌጥ ነው እያሉ እያሳሉ ያስቁን ነበር። እርስዎ ከመሰላሉ ሲወርዱ ሳላቸውን ሰሙና የሚያስል ሰው ምግብ አጠገብ አይቁም ብለው አዘዙ። አሠሪያችን ይህንንም ትእዛዝዎን በዚያው ዕለት ፈጸሙ። እትዬ ሽርጣቸውን አጥፈው እጄ ላይ አኖሩና፣ አይዞህ ወንድምዓለም ብለውኝ ወጡ። ወዴት አቤት እንደምል ጠፍቶኝ ሽርጡን ይዤ ቀረሁ።

ክቡር ሆይ፣ መሳቢያው ወደ ቦታው ቢወርድና እትዬ ቢመለሱ ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም። አጎንብሰን ስለ ማለፋችን አይጨነቁ፤ ለምደነዋል።

ዕድሜና ጤና ከነሙሉ ቁመትዎ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ ጭሱ እስከሚፈቅድልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ፣
የቀድሞው ድስት አጣቢ

ማስታወሻ፦ በእትዬ ቦታ፣ በእትዬ ሽርጥ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሲመጡ እንደ ልማድዎ አስቀድመው ያሳውቁን፤ ሳሌን የምውጥበት ጊዜ እንዳገኝ።