ስለ ተቆረጡት አኻያዎቻችንና ስለ ሰኞው ትራክተር

ለተከበሩ የማገዶ ተክል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ ይሁን እያልኩ፣ አስቀድሜ አንድ ኃጢአት በፍጹም ትሕትና እናዘዛለሁ። እርስዎ የላኳቸው ተቆጣጣሪ ማሳችን መሀል ቆመው ጉቶዎቻችንን በለቀስተኛ ፊት ሲመለከቱ፣ የሹራቤን እጅጌ አፌ ውስጥ ወትፌ ስቄያለሁ። ከቤተሰቤ ከእኔ ሌላ የሳቀ የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

አንደኛ፣ አኻያም ሆነ ፖፕላር የሚሉት የማገዶ ዛፍ በመጀመሪያው ዓመት ከሥሩ ሲቆረጥ ከአንዱ ጉቶ ብዙ ቀንበጥ አቆጥቁጦ፣ በየሦስት ዓመቱ ቤቶችን ለሚያሞቀው ጣቢያ ማገዶ እንዲሆን እንደሚታጨድ ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። የመጀመሪያዋን ተክል እዚሁ ማሳችን ላይ በገዛ እጅዎ ቆርጠው አሳይተውናል፤ እኛም አጨብጭበናል። አባቴማ «አሳድጎ አንገቱን መቀንጠስ ምን የሚሉት እርሻ ነው?» እያለ ሲያቅማማ ከርሞ፣ በመጨረሻ «የተማረ ሰው ካለ አለ ነው» ብሎ ቆረጠ።

ሁለተኛ፣ ተቆጣጣሪው «ተክሉን ጨፍጭፈዋል» ብለው ስለመሰከሩ፣ እርስዎም ሰኞ ማሳው በትራክተር ተገልብጦ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ስላዘዙ እናመሰግናለን። እሳቸው ከሄዱ ወዲህ ጉቶው ሁሉ አቆጥቁጦ ጉልበቴ ደርሷል፤ መጥቶ የሚያይ ግን ጠፋ። ሌላ መሬት የለንም።

ሦስተኛ፣ አባቴ ደጃፍዎ ላይ ባርኔጣውን እያሻሸ ሲቆም፣ ስለ ተክል እንክብካቤ ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ተነግሮታል። ቤት ገብቶ እናቴ ስለ እርስዎ ብትጠይቀው «ደህና ናቸው» አላት። የሰፈር ሽማግሌዎች ደግሞ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው መከሩን። ምክሩስ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ የሚታረሰው የእኛ ማሳ መሆኑ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዴን ልተወውና፣ እባክዎን አንድ ጊዜ መጥተው ጎንበስ ብለው ይዩት።

ከምንጣፍዎ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ያስተማሩትን የፈጸመ ሰው ልጅ

ማስታወሻ፦ ሰኞ ትራክተሩን እንዲነዳ የታዘዘው ሾፌርዎ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ትእዛዙ ከደረሰ ወዲህ ወንድማማቾቹ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሌላ ሾፌር ከጠፋ መሪውን እርስዎ ይያዙልን፤ ማሳውን እንደሆነ ያውቁታል። አጎቴን ግን ከወንድሙ ጋር እንዲ—

«አንበጣ!»

አጎቴ ነው፤ አንበጣ የሚለው እኔን ነው። ለካ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ኖሯል። ጆሮዬን የሚቆነጥጠኝ መስሎኝ ነበር። «ይቺንም ጨምርላቸው» ብሎ የትራክተሩን ቁልፍ ሰጠኝ። ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።