የትንሣኤ ሰሌን

ካርቱም፣ ማዮ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ካምፓላ ላለችው ልጄ ለትንሣኤ ገብረየስ፤

እንደምን ከረምሽ ልጄ? እኔ ደኅና ነኝ። ጎረቤታችን ሳዲቅ ነገ በጁባ በኩል ስለሚወጣ ይህን ወረቀት በጫማው ውስጥ ደብቆ ይዞልሽ ይመጣል። ስልኩ ከሞተ ወራት አልፈዋል። አማርኛሽ የካርቱም አማርኛ ስለሆነ ፊደሉን ጎላ አድርጌ እጽፍልሻለሁ፤ ያልገባሽን ዘለሽ አትለፊ፣ ሰው ጠይቂ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈናል። ምክንያቱን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ያ አረንጓዴ ሰሌንሽ ነው። አንቺ “ምንጣፍ ነው ባባ፣ የዮጋ ምንጣፍ” ትይኝ ነበር። እኔ ግን በአገራችን ሰው የሚገነዝበት ሰሌን ነበር የሚታየኝ።

ያን ዓርብ ከዐማራት ሰፈር ከጥበቃ ሥራዬ ስመለስ ግቢው መሐል ተዘርግተሽ፣ መዳፍሽን ወደ ሰማይ ከፍተሽ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ አገኘሁሽ። ኡኡታዬን አቀለጥኩት። ሀዋ እጇ ሊጥ እንደያዘ ከባሏ ከሳዲቅ ጋር ሮጣ መጣች። አንቺ አንድ ዓይንሽን ገለጥ አደረግሽና “የመጨረሻው አቀማመጥ እኮ ነው ባባ፣ ሬሳ ይባላል” ብለሽ ሳቅሽ። እኔ ልቤ ቀጥ ልትል፣ አንቺ ትስቂያለሽ! በንዴት “ይሄ ሟርት ነው፤ ከዚህ ሰሌን ላይ አንድ ቀን እውነተኛ ሬሳ ይነሣል” አልኩሽ። ሰሌኑን ከራኩባው ዳስ ጣሪያ ላይ ወረወርኩትና “ወይ እሱ ወይ እኔ” አልኩ። አንቺም ሁለታችንንም ትተሽ ሄድሽ። በማግስቱ እናትሽ ሰሌኑን አውርዳ፣ አጥባ፣ ከአልጋዋ ሥር ደበቀችው። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጦርነቱ የመጣ ጊዜ እናትሽን ብታዪያት አታውቂያትም ነበር። የድስት ክዳን ሲወድቅ ከተቀመጠችበት ትነሣለች። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆ መያዝ አቃታት። እንቅልፍ የለም፣ የደም ግፊቷ ይነሣል፣ ሰው ስታናግሪያት ሌላ ቦታ ናት። ጸሐይወርቅ እኮ ናት ትንሣኤ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ መሐል ቆማ ከመቶ ነጋዴ ጋር የምትከራከረው! አጠገቧ ተቀምጬ ከእጄ የምታመልጥ ይመስለኝ ነበር።

አምና በሰኔ አንድ ጠዋት ሰሌኑን አውጥታ ዘረጋችው። አንቺ ስትለማመጂ ምስር እየለቀመች አንድ በአንድ ታጠናሽ ኖሯል። “ሴትዮ፣ በስተርጅና ባዕድ አምልኮ ጀመርሽ?” አልኳት። “ስግደቴ ለእግዚአብሔር ነው፤ ይሄ ለወገቤ ነው” ብላ አፌን አስያዘችኝ። ስትጨርስ በጀርባዋ ተኛች። የዚያን አቀማመጥ ስም ግን በአፏ ማንሣት አልወደደችም። “ዕረፍት” አለችው።

ትዕቢቴን ትቼ ያየሁትን ልንገርሽ። በወሩ እጇ ረጋ። ሌሊቱን ሙሉ ባይሆንም እንቅልፍ ወሰዳት። ከጉልበቷ ብድግ ስትል “ኡፎይ” ማለቱን ተወች። እኔም በጀሪካን ውሃ ስሸከም ወገቤ ተቆርጦ ስለነበር አንድ ቀን በግድ አንበረከከችኝና በስልሳ ሦስት ዓመቴ ድመት አደረገችኝ፤ ጀርባ ማጉበጥ፣ ጀርባ ማሰርጎድ። ሀዋ በአጥሩ ቀዳዳ አይታ “ያ አቡ ትንሣኤ፣ የትንሣኤ አባት፣ ወላሂ ወተት ላምጣልህ?” ብላ ስትስቅ በሐፍረት ሞትኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ።

ሀዋም አልቀረችም። ዳናው፣ ያ የመድፍ ጥይት፣ ሲወድቅ ሦስታችንም ግድግዳውን ተደግፈን እንቀመጣለን፤ እናትሽ ትቆጥራለች፣ በአራት ይገባል፣ በስድስት ይወጣል። ሀዋ መጀመሪያ “ትንፋሽ ጥይት ይመልሳል?” ትል ነበር። አይመልስም። ሰፈራችን እንዳለ ተመታ። ግን ከተመታ በኋላ ተነሥተን ውሃ መቅዳት፣ የተጎዳ ማንሣት የቻልነው በዚያ ቆጠራ ነው። ፍርሃቱ አብሮን ይቀመጣል፣ አይጋልበንም። ይህን ያመጣሽልን አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ጣሪያ ላይ የወረወርኩት።

ጥር ላይ የግፊቷ ክኒን አለቀ። ሳዲቅ ያልጠየቀው ፋርማሲ የለም፤ የተዘረፈው ተዘርፎ የቀረው ተዘግቷል። “በክኒኑ ቦታ ይሄ አይበቃም?” ብዬ ሰሌኑን ባሳያት “ይሄ ይሄ ነው፣ ክኒን ክኒን ነው ገብረየስ” አለችኝ። ከእኔ ይልቅ ታውቅ ነበር።

የካቲት 9 ጠዋት ራሷን ካመማት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። “ዛሬ ዕረፍቷን ብቻ” ብላ ተኛች። ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ስመለስ እንደተኛች ናት። እንደ ሁልጊዜዬ “አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም” አልኳት። ይህን ስል ዓይኗን ሳትገልጥ መጀመሪያ ሆዷ ነበር የሚስቀው። ሆዷን አየሁት። ጀሪካኑን አስቀመጥኩ። ከዕረፍት የሚነሣ ሰው በድንገት አይቀሰቀስም፣ ከጣቶቹ ይጀመራል ስትይ ሰምታሽ ነግራኝ ነበር። ከጣቶቿ ጀመርኩ። ሀዋ መጥታ እስክታስለቅቀኝ ድረስ ጣቶቿን እንደያዝኩ ነበርኩ።

እናትሽ ዐረፈች፣ ልጄ። በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው።

ሰሌንሽን አትጠይቂኝ፤ ከእሷ ጋር ነው። መንገዱ ስለተዘጋ መቃብር ቦታ መድረስ አልቻልንም። ከራኩባው ጀርባ ሳዲቅና እኔ ቆፈርን፤ አቡነ ዘበሰማያትን ብቻዬን ደገምኩ። እዚህ ካህን የለም። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፤ እዚያ ለካህናቱ ስጪና ፍትሐቷን አስፈቺልኝ። ዐርባዋ መጋቢት 18 ይውላል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ስለፈራሁ ነው። እንደነገርኩሽ ከዚያ ሰሌን ላይ ሬሳ ተነሣ። ይህን ስትሰሚ “የአባቴ ቃል ደረሰ፣ እናቴን እኔ ነኝ የጨረስኳት” ብለሽ እንዳታስቢ። ሟርቱ ከእኔ አፍ እንጂ ከአንቺ ሰሌን አልነበረም። የወሰዳት የክኒኑ መጥፋት ነው። ሰሌኑ ስምንት ወር እንቅልፍ ሰጣት፣ ስምንት ወር ጸሐይወርቅን መለሰልኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ባዶው መሬት ላይ እሠራለሁ። ድመቱንም፣ ትንፋሹንም፣ ሁሉንም። የመጨረሻውን ብቻ እተወዋለሁ። እሱን ስተኛ ከጣቴ ጀምሮ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ያስፈልጋል።

የእናትሽ አምላክ በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ፤ እንቅልፍሽን ያጣፍጥልሽ፤ ከእንቅልፍሽም በደኅና ያንቃሽ።

አባትሽ፣
ገብረየስ