ከሰባቱ ቅድሚያዎች በታች የሣልኩት አበባ

ለተከበሩ የክልሉ ምክር ቤት አባል፣ የአጀንዳ ኮሚቴ ሰብሳቢና የከተማችን ተወካይ
ባሉበት

የተከበሩ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ያለኝን የላቀ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም ሁለቱ ኩላሊቶችዎ እንደምን እንደ ሰነበቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ያለ ማሽን፣ ያለ መርፌ፣ ያለ አውቶቡስ፣ እርስዎ ሳያስታውሷቸው ሥራቸውን እየሠሩልዎ እንደሚገኙ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እንዲህ ያለ ታማኝ ሠራተኛ ዛሬ በቀላሉ አይገኝምና ይንከባከቧቸው። እኛ ደህና ነን። «ደህና» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

እኔን ምናልባት ረስተውኝ ይሆናል፤ ሥራ ስለሚበዛብዎ አልቀየምም። በገበያው መውጫ ባለችው ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሱቅና የክሊኒክ ሰሌዳዎችን በእጄ የምጽፍ፣ ሰፈርተኛው «ጋሽ ብሩሽ» የሚለኝ የማስታወቂያ ጸሐፊ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በምርጫው ሰሞን፣ ቤቴ መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ ጠጥተዋል። ባለቤቴን «እትዬ»፣ እኔን «ጋሼ» ይሉን ነበር። ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት የምታደርግ ሰው ናት፤ መርፌው እንዲገባላት ሐኪሞች የደም ሥሮቿን ያገናኙበት የግራ ክንዷ፣ እጅ ሲያሳርፉበት ይንዘረዘራል። እርስዎ መዳፍዎን አኖሩበት፤ ደነገጡ፤ ዓይንዎ እንባ አቀረረ። ከዚያም እጅዎን ሳያነሡ፣ ምክር ቤት ከገቡ የመጀመሪያ ሥራዎ ለከተማችን ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት ማሽን ማስመጣት እንደሚሆን፣ እሷም በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ ጎረቤት ከተማ መታጠቧ እንደሚቀርላት ማሉ። ማንም አላስገደደዎትም። እኔ አመንኩዎት፤ እሷማ ከእኔ በላይ አመነችዎት።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን፣ ክቡርነትዎ ጉዳዮችን በቁጥር መደርደር እንደሚወዱ ስለማውቅ፣ እኔም በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩ኛ፦ ያንን ቃልዎን በከተማው አሥራ አንድ ግድግዳዎች ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የመጀመሪያ ሥራዬ፦ የኩላሊት እጥበት ማሽን ለከተማችን» የሚለውን፣ ከሩቅ እንዲነበብ ብዬ በሰማያዊ ጽፌ ጠርዙን በነጭ ከብቤዋለሁ። ዝናብ እንዳይበላው ሦስት ጊዜ ደራርቤ ቀብቼዋለሁ፤ ሙያዬ ነውና ዛሬም አንድ ፊደል አልለቀቀም። ጥፋቴም ይኸው ነው። ቃሉ የእርስዎ ቢሆንም የእጅ ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ሰው ሁሉ ስለሚያውቅ፣ እርስዎን ማግኘት ያልቻለው ሁሉ እኔን መንገድ ላይ ያቆመኛል። ከባለቤቴ ጋር በአንድ አውቶቡስ እየተመላለሰ የሚታጠብ ጡረተኛ መምህር አለ፤ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታውን ያስቀድምና፣ ማሽኑን እኔ ጓዳዬ የደበቅሁት ይመስል፣ የት እንደ ደረሰ ይጠይቀኛል። በመጀመሪያው ዓመት «መንገድ ላይ ነው» እለው ነበር። አሁን ከሩቅ ሳየው በሌላ በኩል እዞራለሁ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ከጨዋ ሰው መደበቅን ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ፦ ባለፈው ወር፣ የምክር ቤቱ አዲስ የሥራ ዘመን ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚህ ከተማችን ያለው የጽሕፈት ቤትዎ ኃላፊ አስጠርቶ አንድ ወረቀት ሰጠኝ። በዘመኑ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች ዝርዝር ነበር፤ በርዕሰ ከተማው በአዳራሹ መግቢያ በሚተከል ሰሌዳ ላይ እንድጽፈው ታዝዤ። ሥራውን ለገዛ ከተማዎ ሰው መስጠትዎ አስደስቶኛል፤ ከወረቀቱ ግርጌ ፊርማዎን ሳይማ ጭራሽ ልቤ ሞላ። እጄን ታጥቤ ነው የተቀበልኩት። ዓይኔ ከላይ ወደ ታች ወረደ፦ አንድ፣ የአባላት ወንበሮች በአዲስ ስለሚለወጡበት ሁኔታ፤ ሁለት፣ አባላት «የተከበሩ» በሚለው ፈንታ «እጅግ የተከበሩ» ተብለው ስለሚጠሩበት ደንብ፤ ሦስት፣ ለመኪና ማቆሚያው ስለሚሠራ ጥላ፤ አራት፣ ስለ አርማው ቀለም፤ አምስት፣ ለቀድሞ አባላት ስለሚሰጥ የምስክር ወረቀት፤ ስድስት፣ ስለ ልምድ ልውውጥ ጉዞ፤ ሰባት፣ የእነዚህን ስድስት ጉዳዮች አፈጻጸም ስለሚከታተል ኮሚቴ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ባዶ ነበር።

ስሕተት ይሆናል ብዬ ጻፍኩ። ሰባቱንም መስመሮች አስተካክዬ ስጨርስ፣ ከታች ልክ ለአንድ መስመር የሚበቃ ቦታ ተረፈ። ቦታ ማስላት እንጀራዬ ስለሆነ በዚህ አልሳሳትም፤ የማሽኑ ጉዳይ ቁጥሩንም አራት ነጥቡንም ጨምሮ ይገባበታል። ኃላፊውን ጠርቼ አሳየሁትና የተረሳ ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየው፤ «እውነትህን ነው፣ ባዶ ሆነ፤ አበባ ነገር ሣልበት» አለኝ። ብሩሹ በእጄ ነበር፣ ቀለሙ ተበጥብጧል፣ ሱቁ ውስጥ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ከእኔ ሌላ ሰው አልነበረም። ስምንተኛውን መስመር ልጽፍ ብዬ ብሩሹን አነሣሁ። ፈራሁ፤ አልጻፍኩም። አበባ ሣልኩ፤ አምስት ቅጠል ያለው፣ ቀይ። አዳራሹ በር ላይ ሲያልፉ ዓይንዎ አርፎበት ከሆነ፣ ያ አበባ የባለቤቴ ቦታ ነው። በዚህኛው ላይ የምወቅሰው እርስዎን ብቻ አይደለም።

፫ኛ፦ የመክፈቻው ዕለት ሰኞ ነበር። ባለቤቴ ለነገው መንገድ ሹራቧን እያጣጠፈች፣ እኔ ብሩሾቼን በጋዝ እያጠብኩ፣ ቴሌቪዥን ከፍተን ስንጠብቅዎት ብቅ አሉ። አዲስ መነጽር አድርገዋል፤ ያምርብዎታል። እሷ «ጎሽ፣ አሁን ይናገርልናል» ብላ ድምፁን ከፍ አደረገችው። እርስዎም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ከተማችን በኩላሊት ሕመም ስላጣቻት አንዲት እናት ጥቂት ተናግረው፣ ምክር ቤቱ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት እንዲያደርግላት ጠየቁ። ምክር ቤቱ ተነሣ። ባለቤቴም ተነሣች። ከአውቶቡሱ ሰዎች ሳንሰማ የሞተችው ማን ትሆን ብላ፣ የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ደቂቃው እስኪያልቅ ቆመች። እግሯ ስለሚያብጥ መቆም ይከብዳታል። ጸሎቱ እንዳበቃ ክቡርነትዎ ቀጠሉ፤ ሟቿ የማስታወቂያ ጸሐፊው ባለቤት እንደነበረች፣ ክንዷን ይዘው ቃል እንደገቡላት፣ ቃልዎ ሲፈጸም ሳታይ ማለፏ ዕድሜዎን ሙሉ እንደሚቆጭዎ ተናገሩ። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ለራሴ ነው እንዴ የቆምኩት?» አለችና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እርስዎ መሐረብዎን ወደ ኪስዎ መለሱ፤ ምክር ቤቱም ወደ አንደኛው አጀንዳ አለፈ፤ ስለ ወንበሮቹ።

ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ እሪ እያለች መጣች። በሩን የከፈተችላት ባለቤቴ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ክው ብላ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ባለቤቴም ለእሷው ልቅሶ የመጣችውን ሴት ውሃ አጠጥታ፣ ጀርባዋን እያሻሸች አጽናናቻት። ይህ ያስቃል፤ እኛም በኋላ ስቀንበታል። የማያስቀው የልጃችን ነው። በሌላ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች፤ እዚያ ማሽኖቹ መካከል በሬዲዮ የሰማች ሰው መጥታ ነገረቻት። ደጋግሜ ስደውል ስልኳን ያነሣችው ባልደረባዋ ነበረች፤ ልጄ ወለል ላይ ወድቃ ነበር። ስትነቃም አላመነችኝም፤ አባቴ ሊያረጋጋኝ ነው አለች። የእናቷን ድምፅ ከሰማች በኋላ እንኳ፣ እናቷ ዝም ባለች ቁጥር «እማዬ፣ ተናገሪ» እያለች፣ የስልኩ ባትሪ እስኪያልቅ አስለፈለፈቻት። ይህንን ደቂቃ ክቡርነትዎ እንዲሰሙት በጣም እመኝ ነበር።

ሆን ብለው እንዳላደረጉት አምናለሁ። ንግግሩን የጻፈልዎ ሰው አንድ ስልክ ለመደወል ጊዜ አላገኘም፤ ስለዚህ ገመተ። እንዲያ ያለ ሕመም ያለባት ሴት፣ ማሽኑ ሳይመጣ፣ በየሳምንቱ ያን ሁሉ መንገድ እየተመላለሰች ሁለት ዓመት ልትቆይ አትችልም ብሎ ደመደመ። ግምቱ የሞኝ ግምት አይደለም፤ ሐኪሟም በዚህች ክረምት ያንኑ ብሎኛል። የተከበሩ፣ አንጀቴ ያረረው እዚህ ላይ ነው። ዝም ካሉ ምን እንደምትሆን ያውቁ ነበር። አውቀው ዝም አሉ፤ ከዚያም አልቅሰው ጨረሱት። ሰው ረሳኝ ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር የከረምኩት፤ ለካ አልረሱንም።

፬ኛ፦ በሆስፒታላችን ለማሽኑ የተዘጋጀው ክፍል ውሃው ገብቶለት፣ ግድግዳው ተለስኖ፣ በበሩ ላይ «የኩላሊት እጥበት ክፍል» የሚለውን ራሴ ጽፌበት ሁለት ዓመት ቆሟል። ባለፈው ሳምንት አንድ የጭነት መኪና መጥቶ የክፍሉ በር ተከፈተ። ሐኪሞቹም፣ ነርሶቹም፣ ለሰሌዳ ሥራ እዚያ የነበርኩት እኔም ሮጠን ወጣን። የወረደው በአዲስ የተተኩት የምክር ቤቱ አሮጌ ወንበሮች ነበሩ፤ ለሆስፒታሉ በእርስዎ ስም የተበረከቱ፣ ከክብር ደብዳቤ ጋር። እስከ ጣሪያው ተደርድረውበታል። ወንበሮቹ ደህና ናቸው፤ ስፖንጃቸውም አልሟሸሸም፤ ለምን እንደተለወጡ እስካሁን አልገባኝም።

፭ኛ፦ ባለቤቴ በሕይወት መኖሯ በቃለ ጉባኤው እንዲታረም ጽሕፈት ቤትዎን ጠይቄ ነበር። ቃለ ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ስለጸደቀ፣ ባለጉዳይዋ ርዕሰ ከተማው ምክር ቤት ድረስ በግንባር ቀርባ፣ መታወቂያዋን አሳይታ ካላመለከተች በስተቀር ማረም እንደማይቻል ተነግሮኛል። እኔም መታወቂያዋን ይዤ ሄጄ ነበር፤ ኃላፊው ፎቶግራፉን አየና፣ ፎቶ እስትንፋስ ስለሌለው ማስረጃ አይሆንም አለኝ። የሕግ ቋንቋ የተማረ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

እንግዲህ ደብዳቤዬ ረዘመ። ከመሰናበቴ በፊት ግን ለዋሉልን ውለታ ሁሉ ማመስገን ይገባኛል። ለአንዱ ደቂቃ እናመሰግናለን፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ምክር ቤት ስለ እኛ የተሰጠ ጊዜ ያ ብቻ ነው። ለወንበሮቹ እናመሰግናለን። ለእንባዎም እናመሰግናለን፤ ቤታችንም መጥተው፣ ምክር ቤትም ቆመው አልነፈጉንም። በቀጣዩ ምርጫ ሌላ ግድግዳ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ግን፣ እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሌላ ጸሐፊ እንዲፈልጉ በአክብሮት አሳስባለሁ።

ኮሚቴዎ እንዲሰፋ፣ ጥላዎ እንዲረዝም፣ መጠሪያዎም በቅርቡ እጅግ እንዲከበር እየተመኘሁ፣

ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣

መራጭዎ፣ የአሥራ አንዱ ግድግዳ ጸሐፊ፣
በቃለ ጉባኤ ሚስቱ የሞተችበት፣
ጋሽ ብሩሽ

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ይህን ደብዳቤ ካነበበች በኋላ በግንባር ለመቅረብ ወስናለች። ምክር ቤቱ ባለጉዳይ የሚያስተናግደው ማክሰኞ ብቻ እንደሆነ፣ ርዕሰ ከተማውም እጥበት ከምታደርግበት ከተማ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደሚገኝ ያውቃሉ። ሐኪሟ እጥበቷን አንድ ቀን እንኳ እንዳትዘልል አስጠንቅቋታል፤ እኔም ለመንኳት፤ ልጃችንም በስልክ አለቀሰች። ሹራቧን አጣጥፋ ጨርሳለች። የሚቀጥለው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ በርዎ ላይ ትሆናለች። እባክዎ አያስጠብቋት።