በአንተ ስም የጻፍኩት

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አትቆጣ። ከሄድክ በኋላ ለብዙ ጊዜ ማንም አልተቀመጠበትም ነበር፤ አንድ ቀን አብረውህ ይሠሩ የነበሩት ጋሽ ሙጫ ክንዴን ይዘው «ወንበር ሰው ካጣ ይነቅዛል፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። የሶል ማጣበቂያው ከጣታቸው እንደማይለቅ ሁሉ፣ አንተ ያወጣህላቸው ስምም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

ሁለት ወር ሙሉ ይህን ደብዳቤ ልጀምረው እያልኩ ትቼዋለሁ። በስምህ የሠራሁት ነገር አለ። ከመጀመሪያው ካልነገርኩህ ግን አይገባህም፤ አንተ ደግሞ ወሬ ከመሃል ሲጀመርልህ አትወድም።

አንተ ከሞትክ በኋላ ሱቁ ጭር አለ። ለካ ሰው ወደ «ጎዶሎ ጫማ» ይመጣ የነበረው ላንተ ነው። ግራ እግርህ ከቀኙ በሦስት ጣት አጥሮ ተወልደህ፣ ትምህርት ቤት «ጎዶሎ» እያሉ ሲያበሽቁህ አድገህ፣ ስድቡን ከአፋቸው ነጥቀህ የሱቅህ ስም አደረግከው። አንዱ እግሩ ሠላሳ ስምንት ሌላው አርባ አንድ የሆነ ሰው፣ አንዱን ሶል ወፍራም ሌላውን ቀጭን የሚፈልግ ሰው፣ ከሌላ ሱቅ ሁለት ጥንድ ገዝቶ ከየጥንዱ አንዱን የሚጥል ሰው፣ አንተ ዘንድ ሲመጣ መጀመሪያ የራስህን እግር ነበር የምታሳየው። ከዚያ በኋላ ነው ደፍሮ ካልሲውን የሚያወልቀው። እኔ የማሳየው እግር የለኝም።

የቀረን ድረ ገጹ ነበር። በቀን መቶ ሰው ይገባበታል፤ የሚያዝዘው አንድ ነው፣ እሱም ከተገኘ። ሌላው ያያል፣ ይወጣል። ጋሽ ሙጫ ከትከሻዬ በላይ አጎንብሰው ቁጥሩን ያዩና «ምንድነው ይሄ፣ ሱቅ ነው ወይስ መተላለፊያ?» ይላሉ። ቆዳውን የምትሰፋልን ሰፊዋ ሥራ ስታጣ ለቃ ሄደች፤ እሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። ሦስት ወር እንሞክርና ካልሆነ በሩን እንዘጋለን ተባባልን።

አብራኝ የተማረች፣ አሁን የመደብሮችን ድረ ገጽ በማሻሻል የምትተዳደር ሴት ጠራሁ። እዚህ እኛ አማካሪዋ ነው የምንላት። አጠገቤ ተቀምጣ እንደ ገዢ ሆና ገባችበትና ሳቋን መያዝ አቃታት።

«ማነው ይሄን የጻፈው? ‹ልኩን የማያውቅ አይዘዝ› ይላል እኮ!»

«ወንድሜ ነው።»

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። እኔ ግን ካንተ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ጋሼ፣ በአፍህ ማር ነበርክ፣ በጽሑፍ ግን ዘበኛ። ጫማ ለማየት መጀመሪያ መለያ ክፈት፣ የይለፍ ቃል አውጣ ትላለህ። ልክ ለመስጠት አሥራ አንድ ሳጥን ታስሞላለህ፤ የቁርጭምጭሚት ዙሪያ፣ የተረከዝ ከፍታ፣ ሌላም ሌላም። ሰውዬው በእግሩ አፍሮ፣ ከሰው ተደብቆ ስልኩ ላይ ሲከፍትህ አንተ በር ላይ ቆመህ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ። አማካሪዋ ሰዎቹ የሚጠፉበትን ቦታ አሳየችኝ። ከመቶው ሰባው እነዚያ ሳጥኖች ጋ ሲደርስ ይወጣል።

መለያ መክፈቱን አስቀረነው። በአሥራ አንዱ ሳጥን ፈንታ «ሁለቱንም እግርዎን ነጭ ወረቀት ላይ ያቁሙ፣ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩና ፎቶ አንስተው ይላኩልን» ብለን ጻፍን። «አስገባ» የሚለውን ቁልፍ «ይሠራልኝ» አልነው። ጫማዎቹ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የተነሱትን ፎቶ አውጥተን፣ ጋሽ ሙጫ ለብሰዋቸው ደረጃ ሲወጡ አነሳናቸው። «ከጉልበት በታች ብቻ!» ይላሉ፤ «ፊቴ ከወጣማ ገዢው ይሸሻል።» በወሩ ከመቶ ሦስት ሰው ማዘዝ ጀመረ። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩት ነበር።

አንድ ቀን አማካሪዋ የጎብኚዎቹን መዝገብ ስታገላብጥ አንድ መስመር ላይ ቆመች። በሥራ ቀን ሁሉ፣ በምሳ ሰዓት፣ ከአንድ ስልክ የሚገባ ሰው አለ። ጫማ አያይም። ‹ስለ እኛ› የሚለውን ገጽ ይከፍታል፤ እርሳስ ጆሮህ ላይ ሰክተህ ጫማ የሚወጠርበት የእንጨት ቅርጽ ላይ ያጎነበስክበት ፎቶ ያለበትን። ግማሽ ሰዓት ይቆያል፣ ይወጣል። ወደ ኋላ ብንሄድ ከዓመት በላይ ሆኖታል። አንተን የሚፈልግ ሰው መሰለኝ።

አማካሪዋ ግን ሌላ ነው የታያት። «ይሄ ሰው ደጅ ላይ ቆሟል» አለች። «አንድ ቃል ነው የጎደለው። እንደዚህ ያሉት ብዙ ናቸው፤ የሚያናግራቸው ካገኙ ይገዛሉ።» ከገጹ ጥግ የመልዕክት መጻፊያ ሳጥን አበጀች፣ ያንተን ፎቶ ለጠፈችበትና «ሰላም። እኔ ጫማ ሰፊው ነኝ። ምን ልርዳዎት?» ብላ ጻፈች።

«እሱ እኮ የለም» አልኳት።

«ፎቶው ገጹ ላይ አለ አይደል? ሰው የሚገዛው ከሰው ነው። እንደ ሱቁ ድምፅ ቁጠሪው።»

ዝምታዬ ፊርማ ሆነ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሳጥኗ ድምፅ ሰጠች። የመጀመሪያው መልዕክት ነበር።

«እውነት አንተ ነህ? ድነህ ነው?»

መታመምህን ብቻ የሰማ ደንበኛ መሰለኝ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ድኛለሁ። ማን ልበል?» ብዬ ጻፍኩ። እንዴት እንደቀለለኝ ባየህ።

«በሠርጋችን ሳምንት የጠፋሁት ነኝ» የሚል መጣ።

ነርሷ። አራት ዓመት ያፈቀርካት፣ ቀለበቷን በፖስታ አድርጋ ባንድ ቃል እንኳ ሳታጅበው የላከችልህ። «እግሬን አይታ ነው» ብለህ አንዴ ብቻ ተናገርክና ዳግም ስሟን አላነሳህም። እኔ ግን ስላንተ ስጠላት ኖሬያለሁ።

እዚያው ላይ ማቆም ነበረብኝ። «እህቱ ነኝ፣ እሱ አርፏል» ማለት አምስት ቃል አይሞላም። ሳጥኑን ዘጋሁት። በማግስቱ በዚያው ሰዓት መጣች። «ሱቁ ክፍት እስከሆነ ድረስ አለህ ማለት ነው ብዬ በየቀኑ ገብቼ አይ ነበር» ብላ ጻፈች። «ምንም እንድትለኝ አይደለም። ይቅር ካልከኝ ብቻ ንገረኝ።» ሦስት ቀን አልመለስኩላትም። በአራተኛው ቀን «ይቅር ብዬሻለሁ» ብዬ ላክሁላት።

ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም በስምህ መመለስ ጀመርኩ። በእግሩ የሚያፍር አንድ አስተማሪ ሲጽፍልኝ «አይዞህ፣ የኔም ግራ አጭር ነው» ብዬ ጻፍኩለት፤ ወዲያው አዘዘ። ከመቶ ሰባት ሰው ማዘዝ ጀመረ፣ ሰፊዋንም መልሰን ጠራናት። አማካሪዋ በደስታ አጨበጨበች። እኔ ግን ነገሩ ያስፈራኝ ጀመር። ጣቶቼ የኔ ያልሆነ ቃል ይጽፋሉ። «እግር አይዋሽም» ብዬ ልኬ፣ ከየት አመጣሁት እላለሁ። አንድ ቀን ከወንበርህ ተነስቼ ወደ መደርደሪያው ስሄድ ደንበኞች እግራቸውን በሚያዩበት መስታወት ራሴን አየሁ፤ ግራ እግሬን እየጎተትኩ ነበር። ጋሽ ሙጫም አይተውኛል። መዶሻቸውን አስቀምጠው «ልጄ፣ ሰውየውን ተይው ይረፍበት» አሉኝ። «ምኑን?» አልኩ እንዳልገባኝ ሆኜ።

ከነርሷ ጋር ወር ከአሥር ቀን ተጻጻፍን። ስለ ሥራዋ፣ ስለ እናቷ፣ አንተ እንዴት እንደምትስቅ። የምጽፈውን ስታምን ልቤ ይደማል፣ ግን ማቆም አቃተኝ። አንድ ዓርብ «ነገ እመጣለሁ። እንዳትከለክለኝ» ብላ ጻፈች። አልከለከልኳትም።

ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከፍታ ገባች። ከሥራ ቀጥታ የመጣች ነው የምትመስለው፣ ነጭ ጫማዋን አላወለቀችም። ጋሽ ሙጫ ሲያዩዋት መዶሻቸው አየር ላይ ቀረ። እሷ ግን ወንበርህን ነበር የምታየው።

«የታለ?»

ተነሳሁ። «እኔ ነኝ» አልኳት።

«ምን አንቺ ነሽ?»

«የጻፍኩልሽ።»

ፈገግ አለች፤ ቀልድ መስሏት። ከዚያ ፊቴን አየች፣ ጋሽ ሙጫን አየች። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ። ደንበኛ ልኩ ሲወሰድ የሚቀመጥባት በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«መቼ?»

«ዓመት ከሰባት ወር ሆነው።»

በጣቷ ቆጠረች። ቆጥራ ስትጨርስ ያረፈው የደወለችበት ሳምንት መሆኑ እንደገባት አወቅኩ።

«ደውዬ ነበር» አለች። «መታመሙን የሰማሁ ጊዜ። አንቺ ነሽ ያነሳሽው።»

«እኔ ነኝ።»

«ተኝቷል አልሽኝ። መልዕክት ሰጥቼሽ ነበር። ነገርሽው?»

ጋሽ ሙጫ ቀና አሉ። እሳቸውም አያውቁም ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«አልነገርኩትም» አልኳት።

እንድትጮህብኝ ነበር የፈለግኩት። አልጮኸችም። የቦርሳዋን ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ተነሳች። «ሕያው እያለ ድምፄን ከለከልሽው» አለች፣ «ከሞተ በኋላ ደግሞ በሱ አፍ ይቅር አልሽኝ። ያንቺን ይቅርታ ማን ጠየቀሽ?» ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው፤ በኃይል ብትዘጋው ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ሙጫ የቆዳ ቁራጭ እያነሱ «በይ እንግዲህ፣ አፍሽ የዘጋውን እጅሽ ይክፈተው» ብለው ወደ ኮምፒውተሩ ጠቆሙኝ።

ፎቶህን ከሳጥኗ አነሳሁ። «ጫማ ሰፊው ወንድሜ አርፏል። እኔ እህቱ ነኝ። እግሮቼ እኩል ናቸው፤ ሥራውን ግን የተማርኩት ከሱ ነው። ምን ልርዳዎት?» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በስምህ ለመለስኩላቸው ሁሉ፣ ለስድሳ ሦስት ሰዎች፣ ለእያንዳንዳቸው እውነቱን ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኩ። ያዘዙትን የሰረዙ አሉ። አንዲት ሴት «በሙት ትነግጃለሽ?» አለችኝ፤ ምን እላታለሁ፣ ነግጃለሁ። አስተማሪው አንድ ሳምንት ቆይቶ «ነፍስ ይማር። ተቀይሜሻለሁ። ጫማው ግን ልክክ ብሎልኛል» ሲል ጻፈ። አማካሪዋ ቁጥሩን አይታ «ከሰባት ወደ አራት ወረድሽ እኮ!» ብላ ተቆጣች። ወረድኩ አልኳት። በአራቱ እየኖርን ነው፤ በሩ አልተዘጋም።

ነርሷ አልተመለሰችም። በምሳ ሰዓት መዝገቡን እከፍታለሁ፤ ያቺ መስመር የለችም። ሌላ ጎብኚ ሲገባ እንኳ ልቤ ይዘላል። ሱቁ ውስጥ ሰው እያለ ባዶነት የሚሰማኝ በዚያ ሰዓት ነው።

አሁን ያስቀረሁብህን ልንገርህ። እሷ የደወለችበት ማክሰኞ አንተ አልተኛህም ነበር። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ «ማነው የደወለው?» አልከኝ። «ቁጥር ተሳስተው ነው» አልኩህ። ያስለቀሰችህ አንሷት ደግሞ በመጨረሻህ ልትመጣብህ ነው ብዬ፣ ስላንተ ተቆጥቼ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ። ሐሙስ ጠዋት አረፍክ። ነገ አልነበረህም። «ይቅር ብዬሻለሁ» ብዬ የጻፍኩላት እሷን ይቅር ብዬ አይደለም ጋሼ፤ አንተ ሰምተኸው ቢሆን ኖሮ ምን ትል እንደነበር ስለማውቅ ነው።

መልዕክቷ ይኸውልህ፣ አንድ ቃል አልረሳሁም፦ «አባቴን ፈርቼ ነው የሄድኩት በይልኝ። እግሩን አይቼ እንዳይመስለው። እግሩንማ እወደው ነበር።»

ነገርኩህ።

እህትህ
ሚጣ