የግራ እጅ ፊርማ

ውድ ጋሼ፣ ናፍቆቴ ከደብዳቤው ቀድሞ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት መጋዝ ቀኝ እጁን ከጎዳው ወዲህ ሻይ በግራው መጠጣት ለምዷል።

አሠሪው ብርቱካን ይዞ ጠየቀው። «ጥፋቱ የራሴ ነው ብለህ ፈርምልኝና የሕክምናውን ዛሬውኑ ልክፈል» አለው። የመጋዙን መከለያ ያስነሳው እኮ ራሱ አሠሪው ነው፣ ሥራ ያዘገያል ብሎ!

ያማከርናት ጠበቃ ግን «ካሳ የሕክምና ወጪ ብቻ አይደለም፤ እጁ ወደፊት የሚያሳጣው ገቢም ይታሰባል። ከፈረመ ግን አበቃ» አለችን። ባለቤቴ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሳቀ።

ዛሬ ጋዜጣ ጠርዝ ላይ በግራ እጁ ስሙን ደጋግሞ ሲጽፍ አየሁት። ፊደሉ እየተስተካከለለት ነው።

በል ጤና ይስጥህ። የቤታችን እስክሪብቶ ይህችው ናት፤ ስጨርስ እደብቃታለሁ። አሠሪው ግን የደረት ኪሱ ላይ ሁልጊዜ ሁለት ይሰካል።

እህትህ