ግንቡ የነበረበት ሜዳ

ለውድ አባቴ ለአቶ ወልደማርያም፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት ወይ? እማዬስ እንዴት ናት? ጎረቤቱስ ሁሉ ደህና ነው? እኔ ወገቤን ከሚያመኝ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም እዚሁ ኖርድኤንድ በሚባለው ሰፈር አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አበላለሁ።

«ግንቡን ፎቶ አንሥተሽ ላኪ» ብለው ስንት ጊዜ አዘዙኝ። ይኸው ልኬያለሁ፤ ግን ግንብ የለበትም። የሚያዩት ሣርና ዛፍ፣ ውሃ የሚራጩ ሕፃናትን ነው። ያኔ «ግንብ አጠገብ ነው የምኖረው» ያልኩዎት መንገዱ በስሙ ስለሚጠራ ነበር እንጂ በዓይኔ አይቼው አይደለም። እርስዎ ደግሞ ለእድሩ ሁሉ አወሩት! እንግዲህ ጋሽ ዘገዬ ይሳቁብኝ።

ታሪኩን የነገሩኝ አቶ ገናናው ናቸው፤ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ የቤተ ክርስቲያናችን ሰው። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እዚህ ሜዳ ላይ ዙሪያውን ውሃ የከበበው ግንብ ነበር አሉ። ጠላት እንዳይደፍረው ነው ውሃው። ባለቤት ሲፈራረቅበት ኖሮ በመጨረሻ የገዙት ሀብታሞች አፈረሱትና ያማረ ቪላ ሠሩ። ቪላውም ውሎ አድሮ ፈረሰ፣ መሬቱ የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። «ከጠላት ቢተርፍ ከባለቤቱ አልተረፈም» ብለው ሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ቤታችን ትዝ አለኝ። እህቴ ዕንቁ ደውላ ሁሉን ነግራኛለች። ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ሰው ሁሉ ኮንዶሚኒየም ገብቶ እርስዎ ብቻ ቀርተዋል፣ ዶዘሩም አጥራችን ሥር ደርሷል። ውጡ ብላ ስትለምንዎ «እታለም ስትመጣ የት ትገባለች?» አሉ አሉ። ይህን ስሰማ ስልኩን ይዤ አለቀስኩ።

አባባ፣ አልዋሽዎትም፣ ያ ቤት እንዲፈርስ እኔም አልፈልግም። ግን እንኳን የኛ ጭቃ ቤት ያ ሁሉ ድንጋይም አልቀረ። እኔን ብለው ከሆነ የተቀመጡት፣ በእኔ ሞት ይውጡ። እኔ ቤት ብዬ የምመጣው ወደ እርስዎ ነው። የነሐሴ ፈቃዴ ጸድቆልኛል፣ ትኬቴንም ቆርጫለሁ።

እማዬን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ። ዕንቁን «አይዞሽ» ይበሉልኝ፣ ልጇን ሮቤልንም ይሳሙልኝ። ጋሽ ዘገዬን ስለ ግንቡ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። የአዲሱን ቤት ፎቅና ቁጥር ዕንቁ ትጻፍልኝ፤ ነሐሴ ላይ የማንኳኳው እሱን በር ነው።

ልጅዎ እታለም
ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 5 ቀን 2003 ዓ.ም.