አይጠቁርም የተባለው ቀለበት

ማክሰኞ

አልጠራም። ሳሙና፣ ሎሚ፣ አመድ፣ የጥርስ ሳሙና፤ ሁሉንም ሞከርኩ። የጥርስ ሳሙናው ጥሩ ሽታ ሰጠው፣ ሌላ ምንም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው።

ቀለበቱ የወንድሜ የገልገሎ ነው። ይሄን ጮክ ብዬ ብል እማዬ ከቤት ታስወጣኛለች። ለእሷ፣ የአንድ የማይታወቅ ምስኪን ሰው ቀለበት ነው፣ የሌላ እናት ልጅ። ገልገሎማ ዶሎ ኦዶ ሥራ በዝቶበት ነው።

ያመጣው አብዲ ነው፣ ባለፈው ቅዳሜ። ከገልገሎ ጋር የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ውሃ ክፍል አብረው ነበር የሚሠሩት። የገናሌ ወንዝ ሞልቶ መኪናቸውን ወሰደው። ሌሎቹ ወጡ፣ ገልገሎ አልወጣም። ከቀናት በኋላ ወንዙ ወደ ታች አንድ ሬሳ ጣለ። ፊቱ የሚለይ አልነበረም፣ ሙቀቱም ጊዜ አይሰጥም፤ ያገኙት ሰዎች እዚያው ዳር ላይ ቀበሩት። ከጣቱ የወጣው ይሄ ነው። አብዲ ይሄን ሁሉ ሲናገር እማዬን ቀና ብሎ አላያትም፤ እኔን እያየ ነው የጨረሰው።

እማዬ ቀለበቱን ተቀበለች። ወደ በሩ ይዛው ሄዳ በፀሐይ አየችው። መልሳ አብዲ እጅ ላይ አስቀመጠችው። "የልጄ አይደለም" አለች። ከዚያ ምሳ በልተህ ሂድ ብላ ያዘችው። ሲሄድ ቀለበቱን ለእኔ ሰጠኝ።

ክርክሯን ጠበቃ ቢሰማው ይቀናባታል። ገልገሎ ቀለበቱን ከዶሎ ገበያ ገዝቶ የመጣ ጊዜ "ሚስት የለህ፣ ቀለበት ምን ያደርግልሃል?" ብላ ስቃበት ነበር። እሱም እየኮራ "ታንግስተን ይባላል እማ፤ ዕድሜ ልኩን አይጠቁርም" አላት። ያኔ በእውነት መስተዋት ነበር። ጸጉሯን በሱ ታይ ነበር። ገልገሎ ለእናቱ አይዋሽም፤ ይሄኛው ግን ጠቁሯል። እንግዲህ የሱ አይደለም። የሱ ካልሆነ ደግሞ አልሞተም።

ስለዚህ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም። ጎረቤቱ ይግባ አይግባ ግራ ገብቶት አጥራችን ጋ ቆሞ ይሄዳል። እሷ ከሰዓት ከሰዓት መናኸሪያ ሄዳ የዶሎውን አውቶቡስ ትጠብቃለች። የሚወርደውን ሰው ሁሉ ፊት ፊቱን ታያለች። እርጎም አርግታለታለች።

እኔ ወንድሜ መሞቱን አውቃለሁ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው ማወቅ አለበት። ቀለበቱን እስኪያበራ ማጥራት አለብኝ። ያኔ ታምናለች፣ ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል። እንዲህ ሆና ከከረመች ታብዳለች ብዬ እፈራለሁ። ሌላ መንገድ አልታየኝም።

ረቡዕ

ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዘግቼ ጋሽ ከድር ጋ ሄድኩ። ወርቅ ሠሪ ናቸው፣ ነገሌ ውስጥ ያላስጌጡት ሙሽራ የለም።

"ብር ነው?" አሉኝ።

"አይደለም።"

"ወርቅማ አይደለም።" ሞረድ አወጡና ሳልከለክላቸው ጠርዙን ፋቅ አደረጉት። ሞረዱ ተንሸራተተ። ደገሙት። መነጽራቸውን አውልቀው መጀመሪያ ቀለበቱን፣ ቀጥሎ ሞረዱን አዩ። "ወይ ጉድ! ይሄ ነገር ሞረዴን በላው እኮ!"

ከዚያ ጌጥ በሚያጥቡበት አሲድ ነከሩት። ሲወጣ የነበረችው ትንሽ ወዝ እንኳ የለችም። ተስፋ አልቆረጡም፣ እሳት ውስጥ ላግባው አሉ። ከእጃቸው ነጠቅኳቸው።

"ወርቅ የሚጠራው በእሳት ነው፣ ልጄ።"

"ወርቅ አይደለም ብለውኝ የለ፣ ጋሽ ከድር? ቢሰነጠቅብኝስ?"

ሳቁ። የማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ የገልገሎ ነው አልኳቸው። ሳቃቸውን ዋጡት። ወሬውን ሰምተዋል፣ ነገሌ ያልሰማ የለም። "እናትሽ ምን አሉ?"

"የሱ አይደለም ነው የምትለው።"

"ታዲያ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?"

ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ሳልሰናበታቸው ወጣሁ። እስካሁን አልበረደልኝም። ሽማግሌ ስለሆኑ ብቻ ያሻቸውን ይናገራሉ።

እማዬ ከመናኸሪያ ስትመለስ ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነበር። "ዛሬ አውቶቡሱ ግማሹም አልሞላም" አለችኝ። በፊልቱ በኩል መንገዱ ተበላሽቷል አሉ። ሰው የቀረው ለዚያ ነው እንድላት ፈልጋ ነበር መሰለኝ። እራት አቀረብኩ።

ሐሙስ

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ዛሬ በረኪና ውስጥ ነከርኩት።

ምን ላድርግ? የነጠላን እድፍ የሚያስለቅቅ፣ የሽንት ቤትን ግድግዳ የሚያነጣ ነገር ነው። በልጅነታችን እቤታችን ለቆሸሸ ነገር ሁሉ በረኪና ነበር፤ አንዴ እማዬ የገልገሎን ሸራ ጫማ ሳይቀር በሱ አጥባ ሊቆራረጥ ደርሶ ነበር። ጠዋት በስኒ ነክሬው ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ፈሳሹ የዛገ ቆርቆሮ ላይ የዋለ ውሃ መስሏል። ቀለበቱን አወጣሁት። ጥቁሩ እንዳለ ነው፣ ላዩ ላይ ደግሞ ቡናማ ነጠብጣብ ጨምሯል። ወጥ ቤት ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፣ አብዲ ጋ ደወልኩ። አካም፣ ናጋ ተባባልን፤ የእማዬን ደህንነት ጠየቀኝ።

"አብዲ፣ ገልገሎ መጨረሻ ላይ ሥራው ምን ነበር?"

"ክሎሪን ነዋ። ከጥር ወዲህ ወደዚያ አዛወሩት። ዱቄቱን በባልዲ እየበጠበጠ የሚጠጣው ውሃ ታንከር ውስጥ ይጨምራል። ጓንት አይወድም፣ ወላሂ፣ ስንት ጊዜ ነግረነዋል።"

"ቀለበቱስ?"

"እሱማ ጠቆረበት። እንስቅበት ነበር። 'እናቴ ጋ ሳልሄድ በፊት አንድ ነገር አደርገዋለሁ' ይል ነበር።"

አመሰግናለሁ ብዬ ዘጋሁት። ዘግቼው ገባኝ። ክሎሪን ማለት በረኪናው ውስጥ ያለው ነው። ወንድሜ ጣት ላይ ቀለበቱን ያጠቆረውን ነገር ከሱቅ ገዝቼ፣ በስኒ ቀድቼ፣ ደገምኩበት። እንዲህ ያለ ጅል ከእኔ ሌላ ይኖር ይሆን?

ሌላም ነገር ገባኝ። ለፋሲካ ያልመጣው፣ ሥራ በዝቶ ነው ያለን፣ ለዚህ ይሆን? አይጠቁርም ብሎ የፎከረበት ነገር ጠቁሮበት፣ እንዳትስቅበት አፍሮ? ቢመጣ ኖሮ ለአንድ ቀን ቢሆንም እናየው ነበር። ለቀለበት ብሎ! እንደዚያ ከሆነ አልምረውም። እሱን ነው ወይስ ቀለበቱን፣ እኔም አላውቅም።

ለእማዬ አብዲ ያለውን ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ሰማችኝ። "አብዲ ጥሩ ልጅ ነው" አለች። አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለችና፣ "በስልክ የሚባለውን ግን አንድዬ ዋቃ ነው የሚያውቀው።"

ዓርብ

ዝናብ። ቀለበቱን አልነካሁትም።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ጃንጥላ ይዘው መጡ። በር ላይ ያዙኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ "ልጄ፣ ድንኳኑን ምን እናድርገው? ሰው እኛን እየጠየቀ ነው። ጎረቤት ሞቶባቸው ዝም አሉ እንዳንባል።"

እማዬ ከጓዳ ሰማቻቸው። "የማን ድንኳን? ማን ሞተ?"

"አይ እንዲያው፣ ለሰላምታ ነው እንጂ።"

"እንግዲያ ይግቡና ሻይ ይጠጡ።"

አልገቡም። ሲሄዱ የገልገሎን ፎቶ ትልቅ አድርጌ እንዳዘጋጅ ነገሩኝ፣ ማሽኑ ያለው አንቺው ጋ ነው ብለው። ሱቅ ሄጄ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈትኩት። ዱብሉቅ ላይ የውሃ ጉድጓዶቹ ጋ የተነሳው ነው፣ ከብቶቹ ሲጠጡ፣ ጥርሱ ሁሉ ወጥቶ። አንድ ሰውዬ መታወቂያ ኮፒ ሊያደርግ ገባ። ፎቶውን ዘጋሁት፣ ሰውዬውን አስተናገድኩ፣ መልሼ አልከፈትኩትም።

ቤት ስገባ እርጎውን ወደ ሌላ ዕቃ እየገለበጠች አገኘኋት። የበፊቱ ኮምጥጧል አለች፣ ሲመጣ አዲስ ይጠጣ። ያኔ አልቻልኩም። "ሞቷል!" ብዬ ጮህኩባት። "ሞቷል እማዬ፣ ሞቷል፣ ሞቷል!"

አልተቆጣችኝም። ዕቃውን ከደነችና "አንቺ ሁልጊዜ ችኩል ነሽ" አለች። "ስትወለጂም እንዲሁ ነበርሽ፣ አዋላጅ እንኳ ሳትደርስ።"

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። እኔ ቸኩዬ መጣሁ፣ ያኛው እስከ ዛሬ ያስጠብቃታል።

ቅዳሜ

ደምሴ ከገልገሎ ጋር ነው ያደገው። መካኒክ ነው። ቀለበቱን አንስቶ አገላበጠው፤ እንዳወቀው ገባኝ። ከጋራዡ መደርደሪያ ላይ ሁለት ቆርቆሮ አወረደ። የሞተር ቫልቭ የሚፈትጉበት ቅባት ነው፣ ግራጫ፣ በጣት ሲይዙት እንደ ደቃቅ አሸዋ የሚሻክር። "የማይበላው ብረት አላየሁም" አለኝ። "በቆዳ ነው እንግዲህ፤ ቀስ ብለሽ፣ መጀመሪያ በሻካራው፣ መጨረሻ በለስላሳው። ግን እሺ ላይል ይችላል።" ካርቶን ላይ ከሁለቱም ጨለፈልኝ።

አሮጌ ቀበቶ ቆራረጥኩ። ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ መፈተግ ጀመርኩ። ፈተግሁ፣ ጠረግሁ፣ አየሁ፤ ጥቁር። ፈተግሁ፣ ጠረግሁ፣ አየሁ፤ ጥቁር። ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ልወረውረው ነበር። ከዚያ ጠርዙ አካባቢ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ ብልጭ አለች። እንደገና ጠረግኳት። አለች!

ከዚያ ምሳም አላማረኝ። በር የሚያንኳኳ ነበር፣ አልከፈትኩም። የአውራ ጣቴ ቆዳ ተላጠ። የተሸነፈው ቀስ እያለ ነው፤ ትንሽ ከዚህ፣ ትንሽ ከዚያ። አመሻሹ ላይ ውስጡ ያለችው አንድ ቡናማ ነጠብጣብ ብቻ ቀረች፣ እሷ አትታይም። ውጪው መስተዋት ሆነ። ዓይኔን አየሁበት።

ደስ አለኝ። ከልቤ ደስ አለኝ፣ ዘልዬ ተነሳሁ። ለእሱ ላሳየው ፈለግሁ፣ "አየህ፣ ያንተ ጉድ" ልለው። ለማን ላሳየው እንዳሰብኩ ሲገባኝ ወንበሩ ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እማዬ እጄን አይታ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። የማሽን ቀለም ነው አልኳት። ቅባት አምጥታ ጣቴን ቀባችልኝ። ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ነገ አሳያታለሁ።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን እስክትመለስ ጠበቅኳት። ገና ሳትቀመጥ እጇ ላይ አስቀመጥኩት።

ወደ በሩ አልወሰደችውም። መዳፏ ላይ እንዳለ አየችው፣ ቆመች። ከዚያ አውራ ጣቷ ላይ አጠለቀችው፤ በሌላው ጣቷ ሰፍቶ ይወድቅ ነበር። "አልዋሸኝም" አለች፣ በቀስታ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጋ ለለቅሶ አዘቀዘቀችው። ወጥታ አጥሩን ተደግፋ ጮኸች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእናቴ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም።

ወዲያው ግቢው ሞላ። ከየት እንደመጡ አላየሁም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳምንቱን ሙሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይጠብቅ ነበር መሰለኝ። ጋሽ ታደሰ ልጆቹን ለድንኳኑ ላኩ። ሴቶቹ እማዬን ያዟት፣ ደረቷን እንዳትመታ። ታለቅሳለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ ታርፋለች፣ ታለቅሳለች። ያሰብኩት ሁሉ አንድም ሳይቀር ሆነ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌ ሳያማክረኝ ተከፈተ።

"እማዬ፣ ቆይ" አልኩ። "ለሰው ሰጥቶት ቢሆንስ?"

ለቅሶው ቀጥ አለ። ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ቀለበቱ የሱ ነው፣ አዎ። ግን ጠቁሮ የለ፣ አስጠልቶት ለአንዱ ሰጥቶት ቢሆንስ? ሰውየው ሌላ ቢሆንስ? ፊቱን ማንም አላየም እኮ። አብዲ ራሱ አላየም። ሰጥቶት ቢሆንስ?" ማቆም አልቻልኩም። አንዷ ሴትዮ ክንዴን ያዘችኝ፣ አስለቀቅኳት። ሰጥቶት ቢሆንስ፣ ሰጥቶት ቢሆንስ እላለሁ።

እማዬ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። መጥታ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ያዘችው። "ነይ ልጄ" አለችኝ። "ነይ፣ አጠገቤ ቁጭ በይ።" ቁጭ አልኩ።

አሁን ከድንኳኑ ወጥቼ ጓዳ ነኝ፣ ውሃ ልታመጣ ብለው ነው የለቀቁኝ። እማዬ ደህና ናት፤ ትንሽ ሾርባ ቀምሳለች፣ ሰው ሲያጽናናት ትሰማለች። ሳምንቱን ሙሉ መሞቱን አውቃለሁ ስል የነበረው እሷ አልሞተም ስለምትልልኝ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልሞተም የሚልልኝ ሰው የለም።